ቆማ ያረጀች መኪና

ቡራዩ በአንድ የግል ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ አስተምራለሁ። ስለ እርጅና ቅናሽ የማስተምርበት ሳምንት ሲደርስ፣ አንድ ንብረት ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ቅናሹም በየዓመቱ እንደ ወጪ ይመዘገባል ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ የእርስዎ መኪና ግን በየዓመቱ እየጨመረች አይደል?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነቷን ነበር።

ያቺን ትንሽ መኪና ባለቤቴ ሲገዛትም አሮጌ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እሷ እያረጀች ዋጋዋ እየወጣ ሄደ። «እዚህ አገር መኪና ከባንክ ይሻላል» ይል ነበር። ሱሉልታ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ የሌለው ቤት ነበረን። መኪናዋ ጥሩ ዋጋ ስታወጣ ተሽጣ ጣሪያ፣ በርና መስኮት ትሆናለች ብለን ወስነናል። ስለዚህ መነካት የለባትም። እኛ በተከራየነው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች፤ እሱ ሰበታ ወደሚሠራበት ፋብሪካ በታክሲ ይጋፋል። ጠዋት ጠዋት ሸራውን ገልጦ ሞተሩን ያስነሳና ትንሽ አሙቆ ያጠፋዋል። ልጆቹ ውስጧ ብስኩት መብላት አይፈቀድላቸውም። ዝናብ ሲሆን እኔ ጃንጥላዬን ይዤ በአጠገቧ አልፌ ለታክሲ ልሰለፍ እሮጣለሁ።

ከዚያ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪኖች መጡ። መጀመሪያ እንደ ብርቅ እናያቸው ነበር፤ ቆይቶ ሰፈራችን ድረስ ድምፅ ሳያሰሙ መግባት ጀመሩ። በየሳምንቱ «ገዢ አለኝ» እያለ ባለቤቴን ይነዘንዘው የነበረው ደላላም መደወሉን ተወ። የሚነዘንዝ ደላላ ያሰለቻል፤ የማይደውል ግን ያስፈራል። እኔ ፈራሁ።

«ሸጠን እንገላገል» አልኩት።

«አምና ስንት እንዳሉኝ ረሳሽው?»

«እሱ አምና ነው።»

«ይመለሳል። የመኪና ዋጋ በዚህ አገር ወርዶ አያውቅም።»

ሰው አንዴ ለተባለለት ትልቅ ዋጋ፣ ከኪሱ እንደወጣ ገንዘብ ያለቅስለታል። እኔ ሌላ ጭንቀት ነበረኝ፤ ክረምቱ እየቀረበ ነበር፣ ቆርቆሮም በየጊዜው ይጨምራል። የእኛ ይወርዳል፣ የምንገዛው ይወጣል።

በዚህ መሃል አከራያችን መጡ። የሰፈሩ ነባር ሴት ናቸው፤ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ «አዴ» ነው የምንላቸው። በሩ ላይ ቆመው ሰላምታቸውን ካስረዘሙ በኋላ፣ «ልጄ ሊያገባ ነው፤ ቤቱን ለሱ ልሰጠው አስቤያለሁ። ከክረምቱ በፊት ሌላ ፈልጉ። ማሎ፣ እባካችሁ፣ እንዳትቀየሙኝ» አሉን። አልተቀየምኳቸውም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አንድ ወጣት መኪናዋን ሊገዛ መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒኩ ቁጢጥ ብሎ ጎማዎቹን ዳሰሰ።

«ተሰነጣጥቀዋል» አለ።

«አልተነዳችም እኮ» አለ ባለቤቴ።

«ለዚያ ነው። መቆምም ያስረጃል።»

ወጣቱ ዋጋውን ተናገረ። አምና ከተባለው በጣም ያነሰ ነበር። ባለቤቴ ፊቱ ተለዋወጠ፤ «እዚህ የሚሸጥ መኪና የለም» ብሎ ሸራውን መልሶ ያለብሳት ጀመር። ሰዎቹ ወጡ። እኔ የታየኝ አራታችን ከነዕቃችን ዝናብ ላይ ቆመን ነው። በነጠላ ጫማ ሮጬ አስፋልቱ ዳር ደረስኩባቸው።

«የኔ ወንድም፣ ተመለሱ እስቲ» አልኩ።

ስንመለስ ባለቤቴ ሸራውን እንደያዘ ነበር። ያለ እሱ ፊርማ እንደማትሸጥ ሁላችንም እናውቃለን።

«ክረምቱን የት ልናሳልፍ ነው?» አልኩት።

ሸራውን ለቀቀና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለኔ ሰጠኝ፤ ለገዢው አልሰጠውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካላስፈለገ በቀር አያናግረኝም ነበር።

ገንዘቡ ለሁለት ክፍል ጣሪያ ብቻ በቃ። ቆርቆሮው በሚመታበት ቀን ሱሉልታ ሄድን። ከታክሲው ወርደን ኮረኮንቹን ጭቃ እየረገጥን በእግራችን ተጓዝን። ሰማዩ ጠቁሯል። አናጢዎቹ ሲቸኩሉ እያየሁ፣ በሚቀጥለው ወር የመኪና ዋጋ ቢመለስስ ብዬ አስባለሁ። ዕድሜ ልኩን ይህን እንዳያነሳብኝ ፈርቼ ነበር።

ባለቤቴ ግድግዳው ጥግ ቆሞ ጫማውን እየጠረገ የመጣንበትን መንገድ ያያል።

«እዚህ ስንት ጊዜ ተመላልሰናል?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። ብዙ።»

«ድንጋዩ መኪናዋን ከሥር ይመታታል እያልኩ» አለ። ጭቃው ከጫማው አልለቅ ብሎታል። «በሷ አንድ ቀን እንኳ አልመጣንም።»