ጭራቁ የተናገረ ዕለት

ሻካራ የሚሉት በድምፁ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ጉሮሮውን ክፉኛ ታሞ ነበር፤ ሐኪሞቹ ከሞት አፍ መንጭቀው ሲያወጡት ድምፁን እዚያው ትተውት መጡ። ከዚያ ወዲህ ከአፉ የሚወጣው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ነው። ስልክ ሲደውል ሰዎች ይዘጉበታል። አውቶቡስ ውስጥ "ወራጅ አለ" ሲል ሾፌሩ ደንግጦ ካሰበው በላይ ፍሬን ይረግጣል። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ ነገርን በአጭሩ መቁረጥ ለመደ። ሚስቱ እንግዳ ሲመጣ የምትቀልደው ይህንኑ ነው፦ "ታገቢኛለሽ አለኝ፤ እኔም ደንግጬ እሺ አልኩ፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት።"

ሥራው በከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ግምጃ ቤት ነበር። ኬብሉ፣ ማይክሮፎኑ፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ ባትሪው ሁሉ በየመደርደሪያው ተሰድሮ፣ በእሱ ጥርት ያለ የእጅ ጽሕፈት የዕቃው ስም ተለጥፎበት ይቀመጣል። ዕቃ የወሰደ ይፈርማል። ያልመለሰ እንደሆነ ሻካራ ቢሮው ድረስ ሄዶ በር ላይ ይቆማል፤ ምንም አይልም፤ ሰውዬው ራሱ ተነሥቶ መሳቢያውን መበርበር ይጀምራል።

አንድ ጠዋት የድራማ ክፍሏ አዘጋጅ ሁለት ማይክሮፎን ልትወስድ መጣችና ወረቀቱን ሳትፈርም ልትወጣ ስትል፣ "ፊርማ!" አላት።

ሴትየዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ ዞር ብላ፣ "እስቲ ድገመው" አለችው።

"ፊርማ።"

"ይኼ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ነበር? ስፈልገው ሦስት ወር ሆነኝ እኮ!"

የምትፈልገው ለጭራቅ ነበር። የጣቢያው አንጋፋ ደራሲ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ድራማ ጽፏል። ታሪኩ በአንድ ኮረብታ ላይ ባለ የድንጋይ ቤት ውስጥ ብቻውን ስለሚኖር ሰዓት ሠሪ ነው። ሰውዬው ከእንጨት፣ ከቆዳና ከመዳብ ሽቦ ሰው መሰል ፍጡር ይሠራል። ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ግን ይደነግጥና ምድር ቤት ቆልፎበት ይሸሻል። ጭራቁም በሩን ሰብሮ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መንደሩ ሰላም አያገኝም። የሻካራ ሥራ ማጉረምረም ብቻ ነበር። በጽሑፉ ላይ የእሱ ተራ በደረሰ ቁጥር በቅንፍ "ያጉረመርማል" ይላል፤ አንዳንዴም ለለውጥ ያህል "አምርሮ ያጉረመርማል።"

ድራማው በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። ገና በሦስተኛው ሳምንት የከተማው ሰው ሁሉ በዚያች ሰዓት ሬዲዮ ሥር ይሰበሰብ ጀመር። ሻካራ መጀመሪያ ላይ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሲደብቀው የኖረው ድምፅ ተፈላጊ ሆነ፤ ባልደረቦቹ ኮሪደር ላይ ትከሻውን እየመቱ "አንተ አውሬ!" ይሉታል። ሰባተኛው ክፍል በተላለፈ ማግስት ግን ሰፈሩ ካለች ሱቅ ገብቶ "ሳሙና" አለ። አጠገቡ የነበረች አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳብ አድርጋ፣ "ዝም በል፣ ያውና ጭራቁ መጣልህ!" አለችው። ሴትየዋ እየሳቀች ነው። ልጁ ግን አልሳቀም። ሻካራም ሳሙናውን ሳይወስድ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። የስምንተኛውን ክፍል ጽሑፍ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ "ለመሆኑ ምን ፈልጎ ነው የሚያጉረመርመው?" አለችው።

"እኔ ምን አውቃለሁ? አልተጻፈማ።"

"አንተ ታዲያ እያጉረመረምክ ምን ታስባለህ?"

ሻካራ ከልብሶቹ አንዱን አንሥቶ ማጣጠፍ ጀመረ። የሚያስበውን ያውቀዋል፤ ሊነግራት ግን አልፈለገም። ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ፋሻው በተፈታለት ቀን፣ አባቱን "አባዬ" ብሎ ሲጠራው አባቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለቱን ለማንም ነግሮ አያውቅም። አባቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወዲያው ተመልሶ አቅፎታል። ያቺ እርምጃ ግን ከሻካራ ሆድ አልወጣችም።

በማግስቱ ደራሲው ቢሮ ሄደ። ደራሲው ዕድሜው ስድሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነው። ሻካራ በሩ ላይ ሲቆም፣ "ምን ያልመለስኩት ዕቃ አለ?" ብሎ መሳቢያውን ከፈተ።

"ኧረ ለዕቃ አይደለም፣ ጋሼ። ጭራቁ... አንድ ቀን እንኳ አይናገርም?"

"ምን እንዲል?"

"ምንም ይሁን። አንድ ነገር።"

"ስማኝ ልጄ፣ ጭራቅ ከተናገረ አያስፈራም።"

"ሰዓት ሠሪው ግን ስንት ገጽ ሙሉ ሲናገር..."

"የፈጠርኩት እኔ ነኝ!" አለ ደራሲው፤ መሳቢያውንም በኃይል ዘጋው። "ካልፈለግህ ሌላ የሚያጉረመርም አይጠፋም።"

ዘጠነኛው ክፍል ደረሰ። ሰዓት ሠሪው ጭራቁን አባብሎ ወደ ምድር ቤቱ መልሶታል፤ አሁን ችቦ ይዞ ሊያቃጥለው ይወርዳል። ስቱዲዮው ውስጥ ሁለቱ ተዋንያን በአንድ ማይክሮፎን ግራና ቀኝ ቆመዋል። አዘጋጇና ደራሲው ከመስታወቱ ወዲያ ናቸው። ሰዓት ሠሪው "ዛሬ መጨረሻህ ነው!" አለ። ሻካራ "አምርሮ ያጉረመርማል" የሚለውን አየ። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ማጉረምረም አልነበረም።

"ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ያንተን ፊት ነው። ሳቅሁልህ። አንተ በሩን ዘግተህ ወጣህ። ስም እንኳ አላወጣህልኝም።"

ጸጥ አለ። ሬዲዮ ላይ አምስት ሰከንድ ዝምታ ማለት አንድ ዓመት ነው። ሰዓት ሠሪውን የሚጫወተው ተዋናይ ወረቀቱን ቢያይ እንዲህ ላለ ነገር መልስ የለውም። በመጨረሻ፣ ከየት እንዳመጣው ሳያውቅ፣ በቀስታ "ፈራሁህ" አለ። አዘጋጇ መስታወቱን ሰንጥቃ የምትወጣ ይመስል እጇን እያወናጨፈች ሙዚቃው እንዲገባ አዘዘች።

ደራሲው በሩን በርግዶ ገባ። "ማን ፈቀደልህ? የሰው ሥራ እኮ ነው ያበላሸኸው!" ሻካራ አንገቱን ደፋ። የዚያኑ ቀን ከድራማው ወጣና ወደ ኬብሎቹ ተመለሰ። አሥረኛው ክፍል ጭራቁ ሳይኖርበት ተላለፈ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ስልኩ መጮህ አላቆም አለ፤ ደብዳቤው በኬሻ መጣ። አንድ የጋራዥ ሠራተኛ፣ ፊቱ በቃጠሎ የተጎዳ፣ "ድራማውን እከታተል የነበረው መንደርተኞቹን ደግፌ ነው፤ አሁን ግን ግራ ገባኝ" ብሎ ጻፈ። አንዲት አሮጊት ደግሞ "እሱ ልጅ ብርድ ልብስ አለው ወይ?" ብለው ጠየቁ።

ከሳምንት በኋላ ደራሲው ራሱ ወደ ግምጃ ቤቱ ወረደ፤ እዚያ በእግሩ መጥቶ አያውቅም ነበር። በባትሪዎቹ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

"እንዲናገር ያልፈለግኩት ስለማያስፈራ አይደለም" አለ። "ከተናገረ ሰው ሁሉ በሰዓት ሠሪው ላይ እንደሚፈርድ አውቅ ስለነበር ነው። እሱን ደግሞ የጻፍኩት ከራሴ ቆርጬ ነው። ስንቱን ጀምሬ ጥዬ የሄድኩ ሰው ነኝ።"

ሻካራ የያዘውን ኬብል መደርደሪያው ላይ አኖረ። "እሱም እኮ ፈርቶ ነው፣ ጋሼ። የፈራ ሰው ወደ ኋላ ይላል። ተመልሶ መምጣቱ ነው ዋናው።"

ደራሲው ከኪሱ የታጠፈ ባዶ ወረቀት አወጣ። "በል እንግዲህ፣ ቀጥሎ ምን ይላል?"

የቀሩትን ሁለት ክፍሎች በዚያ በመደርደሪያዎቹ መካከል፣ አንዱ እየተናገረ ሌላው እየጻፈ፣ እየተጣሉም ጭምር ጨረሷቸው። ደራሲው ጭራቁ ይቅር እንዲል ፈለገ፤ ሻካራ "ገና ነው" አለ። አዘጋጇ ቢያንስ አንድ ሰው ካልሞተ ድራማ አይባልም ብላ ሙጭጭ አለች፤ ማንም አልሞተላትም። ሻካራም ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሰ። በመጨረሻው ክፍል ሰዓት ሠሪው ችቦውን መሬት ላይ አጠፋው፤ ሁለቱ ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ ድራማው አለቀ። ግማሹ አድማጭ ተናደደ፤ ግማሹ አለቀሰ። በድራማው መዝጊያ ላይ ጸሐፊ ተብሎ የደራሲው ስም ብቻ ተነበበ። የሻካራ ሚስት ስትበሳጭ እሱ፣ "ተይው፣ እሱ ባይሠራው እኔ ምን እናገር ነበር?" አላት።

ሻካራ ተዋናይ አልሆነም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ግምጃ ቤቱን ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዘጋጇ አዲስ ጽሑፍ ይዛ መጣች፤ በውስጡ ከጫካ የሚወጣ አውሬ አለ፤ ክፍያውም ጥሩ ነበር።

"ይናገራል?" አላት።

"አይ፣ እሱ ያጓራል ብቻ።"

"እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጊ።"

ማታ ይህን ሲነግራት ሚስቱ ራት እያቀረበች ነበር። "ደግ አደረግህ" አለችው፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "የሚያፈሰውን ጣራ ግን በዚህ ሰበብ እናስጠግን ነበር" አለች። ሁለቱም ሳቁ። የእሱ ሳቅ እንደ ልማዱ የጎረቤቱን ውሻ አስጮኸው።