የከበደው ካሜራ

ስልኬ ፎቶ ሲያነሳ «ቀጭ» የሚል የውሸት ድምፅ አለው፤ ውስጡ የሚከፈትም የሚዘጋም ነገር ሳይኖር እንዲሁ ያሰማል፣ ላጠፋው አስብና ይደክመኛል፣ እተወዋለሁ። ያንን በሰማሁ ቁጥር ሌላ ድምፅ ይከተለዋል፤ በአውራ ጣት የሚጎተት የብረት ማንሻ «ክርርር» ብሎ ሄዶ የሚመለስበት ድምፅ። እሱን የሰማሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ብዙ በማይርቀው ቤታችን፣ ከአንድ ክረምት እስከ ቀጣዩ በልግ ድረስ ነበር።

ነሐሴ ነበር። ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ካርዴን ለአባዬ ሳሳየው እጁን ራሴ ላይ ጭኖ «የፈለግሽውን ጠይቂኝ» አለኝ። ጫማ ትለኛለች ብሎ ሲጠብቅ ካሜራ አልኩት። ሐይቁን ለማየት የሚመጡ እንግዶች አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንዱን ቄጠማ ብዙ ደቂቃ ጎንበስ ብለው ሲያነሱት እያየሁ ቀንቼ ነበር። «ፎቶ ቤት ልትከፍቺ ነው?» አለኝ። «አይ፣ ዝም ብዬ ላነሳ ነው» አልኩት። «ዝም ብሎ የሚሠራ ሥራ አለ እንዴ?» ብሎ ወደ እማዬ ሲዞር ያዳነችኝ ታላቅ እህቴ ሐዋ ነበረች። «አንተስ አባዬ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀምጠህ ውሃውን የምታየው ለማን ሥራ ነው?» አለችው። አባዬ ጢሙን እያሻሸ ሳቀና «እሺ፣ ደሴ ወጥተን እናያለን» አለ።

አባዬ የዓሣ ነጋዴ ነበር፤ ከአጥማጆቹ ይረከብና ወደ ደሴ ይልካል። ሚዛን ነበረው፣ ግን አያምነውም ነበር። እያንዳንዱን ቆሮሶ ዓሣ መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከፍ ዝቅ አድርጎ «ይሄ ሥጋ አለው፣ ይሄ ባዶ ነው» እያለ ይለይ ነበር። «ሚዛን የሰው ሥራ ነው፣ እጅ ግን አላህ የሰጠን ነው» ይል ነበር፤ አጥማጆቹም ቢያጉረመርሙም አይከራከሩትም። ጎመንም፣ ቁልፍም፣ የሐዋን ጫማም የገዛው እንደዚሁ በእጁ መዝኖ ነው።

ደሴ የገባን ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም ነበር። ባለሱቁ ሁለት ካሜራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልን። አንዱ ብርማ፣ ቀጭን፣ ፊልም የማይፈልግ፣ ያነሳውን ወዲያው በጀርባው የሚያሳይ ነበር፤ ሌላው ያገለገለ፣ ጥቁር፣ ባለ ቆዳ ማኅደር፣ እንደ ድንጋይ የከበደ። ባለሱቁ ሐቀኛ ልጅ ነበር፣ «አባባ፣ ፊልም እየቀረ ነው፣ ጊዜው የዚህኛው ነው» አለና ብርማውን ወደ እኔ አዙሮ አነሳኝ። የራሴን ፊት፣ ከነርጥብ ሻሼ፣ ትንሿ መስታወት ውስጥ አየሁት። ልቤ እዚያው ቀረ። አባዬ ግን ብርማውን መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከፍ ዝቅ አድርጎ «ይሄ ባዶ ነው» አለ። ጥቁሩን ሲያነሳ ፊቱ ሁሉ በራ። «አንቺስ? የቱ ይሻልሻል?» አለኝ። ከሱብሒ ሶላት በፊት ተነስቶ በሚኒባስ ተጨናንቆ የመጣ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ሰው ነው፤ ያን የበራ ፊት ላጠፋው አልቻልኩም። «የከበደው» አልኩት።

መስከረም ሲጠባ ካሜራው ተመረቀ። አባዬ ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ አንድ ሽማግሌ ዱዓ አድርገውለት፣ «አላህ በረካ ያድርገው» ሲሉ የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ብርቄም፣ መስቀል ሊመጣ ጉድ ጉድ የምትልበት ሰሞን ቢሆንም፣ መጥታ አብራ «አሚን» አለች። ፊልሙን ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ባለሱቁ አንድ ጊዜ አሳይቶኝ ነበር፣ አባዬ ግን መኪናው ያመልጠናል እያለ ሲያጣድፈኝ በአእምሮዬ የቀረው «ብርሃን ካየ ይበላሻል» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ በር ዘግቼ፣ የአባዬን ጋቢ ተከናንቤ፣ ላብ እያጠመቀኝ፣ ምንም ሳላይ በዳበሳ አስገባሁት። ከጋቢው ስወጣ ሐዋ «ወለድሽ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች፣ እንደ ልማዷ አፏን በእጇ ሸፍና። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነበር፣ ሰው ሁሉ ያደንቅላት ነበር፣ እሷ ግን ታፍርበት ነበር።

ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ያነሳል ተብለን ነበር። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ሲጠራ ከትምህርት መልስ ውሃው ዳር እወርድና በሳምንት አንድ ብቻ አንስቼ፣ ሌላውን ቀን ምንም ሳላነሳ፣ እመለስ ነበር። ታንኳ አነሳሁ፣ የሚደርቅ መረብ አነሳሁ፣ ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ማማው ላይ ተኝቶ አነሳሁ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች እያዩኝ «ደግሞ ውሃ ምን ብሎ ይነሳል፣ የት ይሄድብሻል?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እነዚያ ሁለት ወራት የእኔ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ካሜራው የሰፈር ሆነ።

በእኛ ሰፈር ወንፊትም፣ ትልቅ ድስትም፣ ካሜራም ያለው ሰው የለኝም አይልም። ጥር ላይ ሠርጉ ሲከታተል አባዬ እንቢ ማለት ስለማይችል፣ እኔም ከእሱ ስለወረስኩ፣ የማላውቀውን ሙሽራ ሁሉ አነሳሁ። የእትዬ ብርቄ ልጅ ሠርግ ላይ የካሜራው መቁጠሪያ ሠላሳ ስድስት ደረሰና ቆመ። ማንሻው ግን መዞሩን አላቆመም፤ ብጎትተው ይሄዳል፣ ብጫነው «ቀጭ» ይላል። ለአባዬ ስነግረው ካሜራውን ተቀብሎ መዳፉ ላይ መዘነውና ቀስ ብሎ «በረካ ነው» አለ። ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ዱዓ የተደረገበት ፊልም አያልቅም ተባለ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ልጁን አጥቦ መጣ፣ አርባ፣ ሃምሳ፣ ስድሳ እያልኩ መቁጠሩን ተውኩት። ትከሻዬ ዝሎ፣ ማኅደሩ አንገቴን ልጦት፣ «አንዴ ብቻ፣ የኔ እናት» ለሚለኝ ሁሉ እሺ እል ነበር።

መጋቢት ላይ ሐዋ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ቀን ተቆረጠላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ለፓስፖርት የተነሳችው ፎቶ አፏን ግጥም አድርጋ፣ እንደ ተከሳሽ አፍጥጣ ነው፤ እሱም ከፓስፖርቱ ጋር ሊሄድ ነው። እማዬ ጠራችኝና «የሰውን ልጅ ሁሉ አንስተሻል፣ የእኔን ልጅ አንሺልኝ። ስትስቅ» አለችኝ።

ውሃው ዳር ወሰድኳት። አንድ እጇን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሳቅ እምቢ ብሏት ቆመች። በካሜራው ቀዳዳ እያየሁ «ወለድሽ?» አልኳት፣ ያን ቀን ከጋቢው ስወጣ ራሷ እንዳለችኝ። ሳቀች። እጇ ወደ አፏ ሊሄድ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ፣ ፍንጭቷ ሙሉ ለሙሉ እየታየ፣ ነፋሱ ሻሿን ወደ ኋላ እየወሰደው፣ ተጫንኩት። በዚያ ዓመት ካነሳሁት ሁሉ የተሳካልኝ እሱ እንደሆነ አውቄ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሄደች።

ሚያዝያ ላይ ፊልሙን ልናሳጥብ ከአባዬ ጋር ደሴ ወጣን። አጣቢው ከጓዳ ሲመለስ ፊልሙን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ነበር፣ እንደ መስኮት መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያል። «የፊልሙ ጫፍ ካሜራው ውስጥ የሚጎትተውን ጥርስ አልያዘም፤ ማንሻው ባዶውን ነው ሲዞር የከረመው። አንድም አልተነሳም» አለን። አባዬ ፊልሙን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዙሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። «ሐዋም?» አለ። አጣቢው ሐዋ ማን እንደሆነች አያውቅም ነበር፣ «ሁሉም» አለ።

መኪና ውስጥ «እኔ ነኝ፣ በጋቢው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ» እያልኩ አለቀስኩ። አባዬ «አይደለሽም፣ እጄ ነው ያታለለኝ። ያ ቀላሉ ወዲያው ያሳይ ነበር» አለኝና ወደ እኔ ዞሮ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ያን ቀን ልብሽ የቱን ፈልጎ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «የከበደውን» አልኩት ደግሜ። እንዳላመነኝ አየሁ፣ ግን አልጨቀጨቀኝም። እቤት እንደደረስን ለእማዬ በር ዘግቶ ነገራት፤ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ከዚያ በኋላ ግን ፎቶ የሚባል ነገር በአፏ አንስታ አታውቅም። በማግስቱ ቤት ለቤት እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ፤ እትዬ ብርቄ «አብሽር አያ ይማም፣ ሠርጉ እንደሆን አልፈረሰ» ብላ አሳቀችው። ዓሣውን ግን ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በሚዛን ነው የተረከበው። መዳፉን ዘርግቶ ሲመዝን አላየሁትም።

ሐዋ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ተመለሰች። አሁን ደሴ እኔ ጋ ነው የምትኖረው፣ ብዙ ትተኛለች፣ ብዙም አታወራም። የፊት ጥርሶቿ እዚያ ሳለች ወልቀው በሌላ ተተክተዋል፤ እኩል፣ ነጭ፣ ክፍተት የሌላቸው። እንዴት እንደወለቁ አንድ ጊዜ ጠየቅኳት፣ ሰሃኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። ያኔ አንድ ፎቶ ለማንሳት ሳምንት አስብ ነበር፤ ዛሬ ስልኬ ላይ ያለው ተቆጥሮ አያልቅም፣ ምሳዬንም ደረሰኜንም አነሳለሁ፣ መልሼ የማየው ግን ጥቂቱን ነው።

ባለፈው አርብ ስልኬን እየገላለጠች አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። በመሃል አቆመችና ዓይኗን ሳታነሳ «ፍንጭቴ ያምር ነበር?» አለችኝ።

«በጣም ያምር ነበር» አልኳት።

«አንቺ መቼም ሰው ደስ የሚለውን ነው የምትናገሪው» ብላ ስልኩን መለሰችልኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ያን ቀን የነገርኳት እውነቱን ነበር፤ የማሳያት ግን ምንም የለኝም።