በጎኑ የተበሳው የዋንዛ መብራት

ባለፈው ክረምት ለሥልጠና ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሄደን ባረፍንበት ሎጅ፣ አልጋዬ አጠገብ አንድ የእንጨት መብራት ቆሞ ነበር። ሽቦው ከሥሩ ገብቶ ወገቡ ላይ ባለ ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በውጭ በኩል ተጠምጥሞ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። አትኩሬ ሳየው አልጋ የሚያነጥፈው ልጅ ኮራ ብሎ፣ «የአምቦ ሥራ ነው እህቴ፣ ዲዛይኑ እንደዚህ ነው» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ይህ ዲዛይን ሲወለድ እዚያው ቆሜ ነበር። አባቱ የእናቴ ታናሽ ወንድም ለሚ ነው፤ እኛ ልጆች ኤሱማ የምንለው።

ልጅ እያለሁ የአያቴ የእንጨት ቶርኖ ቤት አምቦ፣ ከቤታችን ጀርባ ነበር። ዝናብ ሲመጣ የዋንዛው ሰጋቱራ ሽታ እስከ መንገድ ይሸታል። እኔና የጎረቤት ልጆች ረጃጅሙን ፍቅፋቂ ጆሯችን ላይ አንጠልጥለን ሙሽራ ሙሽራ እንጫወት ነበር። አያቴን አካኮ ነበር የምንለው። አካኮ የመብራት እግር ሲሠራ የሚጀምረው ከመሃሉ ነው። እንጨቱ ገና ሸካራ ሳለ ቶርኖው ላይ ያስረውና ረጅሙን የመብሻ ፑንታ ከአንድ ጫፍ ቀስ እያለ እስከ ግማሽ ይሰደዋል፤ ሰጋቱራውን ለማራገፍ አሥሬ ያወጣዋል። ከዚያ ገልብጦ ከሌላው ጫፍ ይመጣል። ሁለቱ ቀዳዳዎች ከተገናኙ በኋላ ነው ውጩን ቀዳዳውን እየተከተለ የሚቀርጸው። ሲጨርስ እንጨቱን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ «እስቲ እዪ» ይለኛል። ዓይኔን ስደቅን ጫፉ ላይ አንዲት ክብ ብርሃን ትታየኛለች። በዚያች ብርሃን የተደሰትኩትን ያህል በዓመት በዓል ልብስ እንኳ አልተደሰትኩም።

አካኮ ሲሞት ቶርኖው ለለሚ ቀረ። ለእናቴ የቀራት ደግሞ አንድ የዋንዛ እንጨት ነው፤ ራሱ ጓሮ ተክሎ ያሳደገው፣ «ለሳሎንሽ መብራት እሠራልሻለሁ» ብሎ ያደረቀላት፣ ሳይደርስለት የቀረ። ሌላ እንጨት አልነበራትም። ጨርቅ አልብሳ አስቀምጣው ከረመችና በመጨረሻ ለወንድሟ ሰጠችው።

ኤሱማ ለሚ ሥራውን ከመሥራቱ በፊት የሚያወራው ሰው ነበር። ቶርኖው ገና ሲነሳ ስልኩን አውጥቶ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ሰጋቱራ ሱሪዬን ነካው ብሎ የሚቆጣ እንጨት ሠሪ ከእሱ ሌላ አላየሁም። የእናቴን ዋንዛ ሲሠራም ውጩን አስቀደመ። ቀረጸው፣ አለሰለሰው፣ ቫርኒሽ ቀባው። ማማሩን አልክድም፣ አምሮ ነበር። ወዲያው ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ በራፉ ላይ ቆሞም «ኢላላ! እዩልኝ!» እያለ ለመንገደኛው ሁሉ አሳየ።

እናቴ መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችውና፣ «ሽቦው በየት ነው የሚገባው?» አለችው።

«እሷ ምን አላት? የአንድ አፍታ ሥራ ናት።»

«አባባ እኮ ቀድሞ ነበር የሚበሳው።»

«አባባ የድሮ ሰው ነው፣ እትዬ። ሰው የሚያየው ውጩን ነው።»

ከአንድ ጫፍ ብቻ ጀመረ። ገልብጦ መብሳት ለእሱ የፈሪ ሥራ ነው። ፑንታውን አንዴም ሳያወጣ ገፋው፣ ገፋው፤ የተቃጠለ እንጨት ሸተተን። ከዚያ የፑንታው ጫፍ ቫርኒሹን ሰንጥቆ በእንጨቱ ወገብ ላይ ብቅ አለ። ለሚ ቶርኖውን አጠፋ። ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ። እኔ አለቀስኩ፣ እናቴ ግን አላለቀሰችም። ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰስ አደረገችው። እሱ ቶሎ ብሎ ሰጋቱራ በኮላ መለወስ ጀመረ።

«ድፍን አደርገዋለሁ፣ ማንም አያውቅም» አለ።

«አትድፈነው» አለችው።

«ለምን?»

«ማን እንደሠራው ይታወቅ።»

መብራቱ እንደዚያው ሳሎናችን ቆመ፤ ሽቦው በወገቡ ወጥቶ ተጠመጠመ። ለሚ በመጣ ቁጥር እናቴ የምታስቀምጠው ልክ ከመብራቱ ፊት ለፊት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አንገቱን ይደፋ ነበር። አንድ ቀን ግን ከባኮ የመጡ የቸርች እንግዶች፣ «ይሄ እንዴት ያለ ልዩ አሠራር ነው!» ብለው አደነቁ። ለሚ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ዲዛይኑ የራሴ ነው» አለ። ዓይኑን እንኳ አላሸም። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ጎን ሆን ብሎ ይበሳል፤ ይኸው በየሎጁ ቆሞለታል።

ሎጁ ውስጥ ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው አየሁ። ጨለማ ነው። የአካኮን እንጨት ሳይ ሰማይ ይታየኝ ነበር። ለሚን ዛሬም እንቀዋለሁ፤ የሚገርመው ግን ያ እንደ በርበሬ የቀላ ፊቱ ናፈቀኝ። ያኔ አጎቴ ቢያንስ ማፈር ያውቅ ነበር፤ አሁን ይህንኑ «ዲዛይን» የሚያስተዋውቅ ትልቅ ማስታወቂያ በራፉ ላይ ሰቅሏል።

ለእናቴ ደውዬ ያየሁትን ነገርኳት።

«ማን እንደሠራው ይታወቅ ብዬ አልነበር?» አለች። «ይኸው ታወቀ።»