ሚጥሚጣ የማይወድ ወይን

ባለፈው እሑድ አያት ኮንዶሚኒየም ልጄ ቤት ተጠርቼ ነበር። ሥራ ቦታዋ እድገት አግኝታ ደስ ብሏታል። አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥቼ፣ ጉልበቴን እያሸሁ ሶፋው ላይ ቁጭ ስል ባሏ አንድ ወፍራም አረንጓዴ ጠርሙስ ይዞ ብቅ አለ። ቡሹ ጣሪያውን መትቶ ወደቀ፤ ሁሉም ጮኹ። ፕሮሴኮ ነው፤ አረፋ ያለው የጣሊያን ነጭ ወይን። ከእሱ ጋር ምን ቢያቀርቡ ጥሩ ነው? የቸኮሌት ኬክ!

“ከኬክ ጋር አይሆንም” አልኩ።

“እማዬ ደግሞ!” አለች ልጄ እየሳቀች። “አንቺ የምታውቂው ጠጅ ነው፤ ለስላሳ ላምጣልሽ?”

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን “አንቺ ምን ታውቂያለሽ” የሚለውን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ያኔም አልተዋጠልኝም።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወረደ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ቦሌ ያኔ ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ ጭቃ ነበር፤ ከገርጂ በእግሬ ስመጣ የማቋርጠው መስክ ላይ ከብት ይግጥ ነበር ብል ዛሬ ማን ያምነኛል? ወይዘሮ ሮማን የሚባሉ ሴት ጣሊያን አገር ብዙ ዘመን ኖረው ተመለሱና ግቢያቸው ውስጥ ምግብ ቤት ከፈቱ። እኔ ገና ወጣት ነኝ፤ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ድስት አጥባለሁ። ወጥ ቤቷ አግብታ ስትሄድ ዓይኔ እሷ ቦታ ላይ አረፈ። አስተናጋጆቹን የሚያዙት ጋሽ ግርማ ግን “የፈረንጅ ፊደል የማታነብ እዚህ ቤት ምድጃ አትይዝም” ብለው ዘጉት። እውነታቸውን ነው፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም። የእኛን ፊደል የቆጠርኩት ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ነው።

አንድ ዓርብ፣ ጥቅምት ላይ፣ ወይዘሮ ሮማን አቶ ይርጋ የሚባሉ ነጋዴ ከባለቤታቸው ጋር ለምሳ ጠሩ። ሰውየው ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ምግባችንን ከወደዱ የሠርጉን ድግስ ለእኛ ይሰጣሉ፤ ካልወደዱ ያ ቤት እስከ ገና መዝለቁን እንጃ። ሰዎቹ ጿሚ ስለሆኑ ምሳው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተባለ። ጠዋት ወይዘሮ ሮማን ለምሳው ካሰቡት ፕሮሴኮ አንድ ጠርሙስ ከፍተው፣ እንድናውቀው ብለው ለሁላችንም ትንሽ ትንሽ ቀዱልን።

እኔም ጾመኛ ነኝ፤ አልቀምስም። ብርጭቆውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

“ኧረ ጉድ!” አሉ ጋሽ ግርማ። “ወይን በጆሮ ይጠጣል እንዴ?”

“እናቴ ጠጅ ጣይ ናት ጋሼ። ጋኑን ሳትከፍት ጆሮዋን ለጥፋ ነው ደረሰ፣ አልደረሰም የምትለው።”

“ይሄ ጠጅ አይደለም፣ አንቺ ልጅ። የተማረ ሰው መጠጥ ነው።”

የጠጅ ድምፅ ከባድ ነው፤ ቡልቅ ይልና ዝም፣ ቡልቅ ይልና ዝም። ይሄኛው ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚያርፍ ካፊያ ነው። አሸተትኩት፤ ያልበሰለ ኮክና የግራር አበባ ሸተተኝ። እንዲህ የሚቸኩል መጠጥ በርበሬ ላይ ሲፈስ ፍም ላይ እፍ እንደማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

“ምሳው ላይ ሚጥሚጣ አታብዙበት” አልኩ። የሰማኝ የለም። ጋሽ ግርማ ነጭ ወይን ከዓሣ ጋር እንደሚሄድ ከመጽሐፍ አንብበዋል። የሐበሻ ምላስ ደግሞ አልጫ ዓሣ አይወድም ብለው፣ በአዋዜና በሚጥሚጣ አሳሹት።

እኔ በጎን የሠራተኞቹን ምሳ ሠራሁ፤ የሽምብራ ዓሣ። የሽምብራ ዱቄት በዘይትና በሽንኩርት ይታሽና በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ ይጠበሳል። ወጉ ከዚያ ቀይ ወጥ ውስጥ መክተት ነው። ያን ቀን ወጡን ተውኩት። ያ ካፊያ ጆሮዬ ውስጥ ነበርና ደረቁን፣ ሲሰበር ቀጭ የሚለውን፣ ጨው ነስንሼ ሎሚ ጨምቄበት አስቀመጥኩ።

እንግዶቹ መጡ። በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። አቶ ይርጋ ዓሣውን ጎረሱ፣ ወይኑን አስከተሉ፣ ፊታቸው ደም መሰለ። ባለቤታቸው ሳል ያዛቸው።

“ምን ያለው ነገር ነው! ውሃ የለም?” ብለው ሴትዮዋ ብርጭቆውን ወደ መሀል ገፉት። ወይዘሮ ሮማን አቀረቀሩ። ሠርጉ ከእጃችን ሲወጣ ታየኝ።

ሰሐኔን አነሳሁ። ጋሽ ግርማ በሩ ላይ ቆሙ።

“ወዴት?”

“እንግዶቹ ጋ።”

“የዕቃ አጣቢ ምሳ? ወጥ እንኳ የሌለው? ይህን ይዘሽ ከወጣሽ ነገ እዚህ ግቢ አትደርሺም!”

“ነገ ቅዳሜ ነው ጋሼ፤ ልብሴን አጥባለሁ” አልኩና በክንዳቸው ሥር ሾልኬ ወጣሁ።

ሽርጤ እርጥብ ነው። ሰሐኑን አቶ ይርጋ ፊት አስቀመጥኩ። እሳቸው ወይዘሮ ሮማንን አዩ፤ ወይዘሮ ሮማን እኔን አዩ።

“ምንድን ነው?” አሉ አቶ ይርጋ።

“የሽምብራ ዓሣ ነው፤ ይጉረሱና ይጠጡ።”

“ወጡስ?”

“ወጡ እዚያ ነው” ብዬ ብርጭቆውን አሳየኋቸው።

ቀጭ አደረጉት። ጠጡ። ሁለተኛ አነሱ። ባለቤታቸው የገፉትን ብርጭቆ መልሰው ሳቡት። “እንዲህ ነው እንጂ! አፍ ያጥባል እኮ” አሉ። ሰሐኑ ባዶ ሲሆን አቶ ይርጋ “ለሠርጉ ይሄ እንዳይቀር” አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው እኔ የቀመስኩት። ጣፈጥ ብሎ ይገባል፤ እንደ ጠጅ ምላስ ላይ አይተኛም፣ አጥቦ ይሄዳል። ሳምቡሳ ይወዳል፣ ጨው ያለው ቆሎ ይወዳል። ዶሮ ወጥ ፊት ድምፁ ይጠፋል። በጣም ጣፋጭ ነገር ካስቀደሙበት ደግሞ ይኮመጥጣል።

ሰኞ ምድጃውን ያዝኩ። ጋሽ ግርማም አልሄዱም፤ ለእንግዳ “ይህ ወይን ጨውና ጥብስ ይወዳል፣ ሚጥሚጣ ይጠላል፤ መጽሐፍ ላይ አለ” ሲሉ ከጓዳ እሰማ ነበር። አልተቀየምኩም ብል ዋሸሁ። አንድ ቀን “ስንተኛው ገጽ ላይ ጋሼ?” ብዬ ጮኼባቸዋለሁ።

መማርን አልጠላም። ልጄን ያስተማርኩት በዚያው ምድጃ ነው። ግን ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ምንም አልቆጠረም የሚለኝን ሰው እስከ ዛሬ እሺ አላልኩትም፤ ልጄም ብትሆን።

ወደ እሑዱ ልመለስ፤ አማቼ ብርጭቆ ሰጠኝ። “ይቅመሱት እንግዲህ” አለኝ። ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ካፊያው ከሩቅ ነው የመጣው። ግን መጣ።

“ድንች አለሽ?” አልኳት ልጄን። “ዘይትና ጨውስ?”

“አለ፣ ግን እማዬ…”

“እንግዲያው ኬኩን አንሱት።”

አነሱት።