ዶሮዋን ጠይቋት

ያን ሰሞን የጎረቤቴ ጫጩቶች አንድ በአንድ ሲጠፉ ጥፋቱ የተላከከው አጥራቸው ጥግ ባለው ጥድ ላይ ጎጆ በሠራው ወፍ ላይ ነው። እሳቸው ባልቴት ናቸው፤ እኔም እንደ እናቴ ነው የማያቸው።

"ይሄን ጭልፊት በኔ ዛፍ ላይ አሳድጌው የኔኑ ልጆች ይብላ? ነገ ጥዱን አስቆርጠዋለሁ!" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ላይ ጎጆው ውስጥ የሚንጫጩት የወፉ ልጆች ነበሩ ያሳሰቡኝ። ክንፍ እንኳ አላወጡም። ስለ ወፍ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ልብስ ሳሰጣ ቀና ማለት ስለምወድ ነው የለየሁት።

"እማማ፣ ይሄ እኮ ጭልፊት አይደለም። አይጥ ነው የሚያድነው። ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭር፣ እንደ ሸክላ ቀይ። ጫጩት የሚነጥቀው ጅራቱ እንደ ሹካ የተከፈለው ነው።"

"ሌባ ሲሮጥ ጅራቱን ልይለት?"

"ታዲያ ሲሸሽ የሚታየው ኋላው አይደል?"

"አንቺ ምላስሽ!" ብለው ሳቁ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

በማግስቱ ጠዋት ቆራጩ መጥረቢያውን ይዞ መጣ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባለ ቀይ ጅራቱ ወፍ ከጥዱ ተነሥቶ በግቢው ላይ ሲያልፍ፣ "ይዩት፣ ጅራቱን ይዩት!" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እኔ ጥዱንም የማየው በግምት ነው።"

ለካ ስለ ጅራት ስለፈልፍ የከረምኩት ዓይናቸው ሰማይ ለማይደርስ ሰው ነው! ዞር ብዬ የጫጩቶቹን እናት፣ ዶሮዋን ሳያት፣ የወፉ ጥላ ላይዋ ላይ ቢያልፍም እሷ መሬቷን መጫሯን አልተወችም።

"እማማ፣ እሷን ይዩ። ቀዩ ሲያልፍባት መች ደነገጠች?"

ጥቂት ቆይቶ ከሰፈራችን ቄራ በኩል ባለ ሹካ ጅራቱ ብቅ ሲል፣ "ሹካው መጣ!" አልኳቸው። ዶሮዋ አንዴ ጮኸች፤ ጫጩቶቹ ከየአቅጣጫው ሮጠው ክንፏ ሥር ገቡ።

ጎረቤቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ይቺ ጉደኛ! ለይታዋለች እኮ!" ከዚያ ወደ ቆራጩ ዞሩ፤ "ና አባቴ፣ ጥዱን ተወው። እሾህ ቁረጥልኝና ለጫጩቶቼ ከለላ እንሥራላቸው።"

ዛሬም ልብስ ሳሰጣ በአጥር ማዶ፣ "አንቺ፣ ሹካው መጣ!" ይሉኛል። ቀና ስል እውነትም መጥቷል። እሳቸው ግን ሰማዩን አይደለም የሚያዩት፤ ዶሮዋን ነው።