የእትዬ ዘይነባ ሳንቃዎች

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ላይ የወጣሁት አባቴ በሠራው ወለል ላይ ነው። ጣልያን ሸዋ ሮቢትን የያዘበት ዘመን ነበር፤ እኔ ያኔ የወተት ጥርሴን እንኳ ነቅዬ አልጨረስኩም። አባቴ ወልዴ አናጢ ነበር። ቀንበርና ሞፈር ይጠርባል፣ አልጋና ሳጥን ይሠራል። ቤታችን መንገድ ዳር ስለነበር የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ደጃችን ቆመች። ከደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርድ አርበኞች አቃጥለዋት የኋላ እንጨቷ በሙሉ ነዷል፤ ሥጋው ተበልቶ አጥንቱ እንደቀረ በሬ ብረቷ ብቻ ገጥጧል። ጣልያኑ ሹፌር በክንዱ እየለካ ተናገረ፤ አብሮት የመጣው አስተርጓሚም ለአባቴ፦

«በስምንት ቀን ውስጥ የጭነት ወለልና ግድግዳ ትሠራላታለህ። ካልሠራህ የአርበኛ ወዳጅ ነህ ማለት ነው» አለው።

የአርበኛ ወዳጅ የተባለ ሰው ምን እንደሚደረግ ያገሩ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አባቴ እሺ ብሎ እጅ ነሳ። ሰዎቹ ሲሄዱ ግን ወደ ጓሮ ዞሮ ያለችውን እንጨት እያየ ብዙ ቆመ። ከግራር ጉማጅና ከርጥብ ግንድ በቀር ምንም አልነበረውም፤ ርጥብ ሳንቃ ደግሞ በቆላው ፀሐይ ሦስት ቀን ሳይሞላው ይጣመማል።

ያወጣችን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ናት። ባሏ ጨው ሲነግድ ኖሮ የሞተባት፣ ሰይድ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ነበረች። ባሏ በሕይወት ሳለ ለሰይድ ጎጆ መውጫ ብሎ ያሰነጠቀው የዋንዛ ሳንቃ ቤቷ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ደርቋል። የዚያኑ ዕለት መጣችና፦

«ወልዴ፣ ሳንቃውን ውሰደው» አለችው።

«እትዬ፣ የልጅዎ ጎጆ ነው እኮ!»

«ዋንዛ መልሶ ይበቅላል። አንተን ከሰቀሉህ ማን ያበቅልልናል? ሰይድም ያግዝሃል፤ ውሰድ አልኩህ።»

ለእኛ ለልጆቹ ያ ሳምንት ዓመት በዓል ነበር። ዋንዛው ሲላግ የሚወጣው ሽታ እስከ መንገዱ ይደርሳል። መላጊያው የሚጥለውን ጥምዝምዝ ልጣጭ እየለቀምን እንደ ጉትቻ በጆሯችን ላይ እናንጠለጥላለን። ሰይድ የመጋዙን ሌላ ጫፍ ይዞ መንዙማ እያንጎራጎረ ይስባል፤ ላብ ሲያጠምቀው ያርፍና «ትርፌ ሙሽሪት፣ ውሃ አምጪልኝ» ይለኛል። በእሱ አፍ ሙሽሪት መባል ደስ ስለሚለኝ እሮጥ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሹፌሩ መጥቶ ወለሉን በጫማው ደበደበው፤ አልተነቃነቀም። ደስ አለውና ልጆቹን ሁሉ መኪናዋ ላይ ውጡ አለን። ብብቴን ይዞ ያወጣኝ ሰይድ ነው። እሱም ሊከተለን እግሩን ሲያነሳ ሹፌሩ በእጁ ከለከለው። ሰይድ እየሳቀ «ግድ የለም፣ የእኔ ተራ ሌላ ቀን ነው» አለ። እስከ ሮቢ ወንዝ ሄደን ተመለስን። ነፋሱ አፌ ውስጥ ሲገባ፣ የማሽላው ማሳ ወደ ኋላ ሲሮጥ፣ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም።

ወር ሳይሞላ ከዳገቱ ላይ ጣልያኖች ተገደሉ ተባለ። በገበያ ቀን አስካሪ የሚባሉት የጣልያን ጥቁር ወታደሮች ገበያውን ከበው ጎበዝ የተባለውን ሁሉ ለቀሙ። እኔ ይህን አላወቅሁም፤ መንገድ ዳር ቆሜ ጥንቅሽ እመጥጣለሁ። ያቺ መኪና መጣች። ወለሏ ላይ ወንዶች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ በስተኋላ ጫፍ ላይ ሰይድ አለ። ተራው የደረሰ መሰለኝ! ጥንቅሼን ጥዬ፣ ሁለት እጄን እያውለበለብኩ፣ «ሰይድ! ተራህ ደረሰ!» እያልኩ ዘለልኩ። ሰይድ አየኝ። እጁን አላነሳልኝም። ኮራብኝ ብዬ አኮረፍኩት።

እጁ የፊጥኝ ታስሮ እንደነበር የገባኝ ዞር ብዬ አባቴን ሳይ ነው። ደጃፉ ላይ መሬት ቁጭ ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል።

በማግስቱ መኪናዋ ባዶዋን ተመለሰች። ሹፌሩ አንድ ሳንቃ ቀይርልኝ ብሎ አባቴን ጠራው። ሳንቃው አልተሰበረም፤ ደም ጠጥቶ ነበር። አባቴ ነቅሎ ጓሮ ቀበረው። የት እንደገደሏቸው ግን የነገረን የለም፤ ሬሳቸውም አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ «በደረቅ አበሳ ርጥብ ይቃጠላል» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

አባቴ እትዬ ዘይነባ ደጅ ሄዶ ተደፋ። እጁን ይዤ ሄጄ ስለነበር ሰምቻለሁ።

«እትዬ፣ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት።»

«እኔም በገዛ እጄ ነው የሰጠሁህ» አለችው። «ተነስ ወልዴ። ሰው የጫነበትን አላህ ያውቀዋል።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ዋንዛ ነክቶ አያውቅም። ጣልያን ለቆ ከሄደም በኋላ የመኪና ድምፅ ሲሰማ መዶሻውን አየር ላይ ይዞ፣ እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። እትዬ ዘይነባ ደግሞ ሬሳ ስላላየች ልጇን መጠበቅ አልተወችም።

ደብረ ሲና አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ እትዬ ዘይነባ መታመሟን ሰማሁና ወረድኩ። ዓይኗ ጠፍቷል። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን ያን ቀን ነገርኳት፦ ማየቴን፣ መዝለሌን፣ እጄን ማውለብለቤን። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እሱስ?» አለችኝ። «እሱስ እጁን አነሳልሽ?»



«አዎ እትዬ» አልኳት። «አነሳልኝ። ይስቅ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እጄን ፈልጋ ያዘችው። «እንግዲያስ ልጄ ሳይፈራ ነው የሄደ።»

በዚያው ሰሞን አረፈች። ዛሬ ያ መንገድ አስፋልት ተነጥፎበታል፤ የልጅ ልጆቼ መኪና ላይ መውጣት ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ሰይድ የሚባል ሰው እንደነበረም አያውቁም። ያኔ ልጅ ሆኜ ሰይድ መልስ ስላልሰጠኝ ከፋኝ። አሁን የሚከፋኝ እኔ ለእናቱ የሰጠሁት መልስ ነው። ግን ዛሬም ብትጠይቀኝ ያንኑ እላታለሁ።