ለብቻዎ አይጀምሩ

ሃጂራ ሸምሱ በአርባ አንድ ዓመቷ ኮሌጅ ገብታ በሃያ ዓመት ከሚያንሷት ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ፣ የሰፈሩ ሰው ምን ልትሆኚ ነው እያለ ይጠይቃት ነበር። «አናጢ» ትላለች። ጠያቂው ይስቃል። በኮልፌ አናጢነት በዓይን እንጂ በደብተር የሚማሩት ሙያ አልነበረም፤ ያውም የወንድ ሙያ።

አባቷ አቶ ሸምሱ አጠና ተራ አጠገብ የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው። ሃጂራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች እንጂ መጋዝ እንድትነካ አይፈቀድላትም። አልፎ አልፎ ከውጭ የመጣ ተገጣጣሚ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሲኖር፣ ከካርቶኑ የሚወጣውን መመሪያ ሳያዩት ቀደው ሚስማር ይጠቀልሉበታል። ደንበኛው ደንግጦ «ሳያነቡት?» ሲላቸው ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩታል።

«ይቺ ታውቀዋለች።»

ያቺ የምታውቅ እጅ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሞተች። ሰውየው በሕይወት ነበሩ፤ ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸውንና ምላሳቸውን ነው የያዘው። ሥራ ቤቱ ውስጥ ተቆርጦና ተልጎ ያለቀ፣ ግን ያልተገጠመ የሙሽራ ቁም ሳጥን ቀርቶ ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ ሃጂራና ወንድሟ ኢብራር አባታቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ፊታቸው ሊገጥሙት ሞከሩ። ቀኑን ሙሉ ታገሉ። አቶ ሸምሱ በግራ እጃቸው ወዲያ ወዲህ ያመለክታሉ፤ ከአፋቸው ግን የሚገባ ቃል አይወጣም። በመጨረሻ ሳጥኑ ቆመ፤ በሩ ግን አልዘጋ አለ። የግራውን ጎን በቀኝ ገጥመውት ኖሯል። አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያን ጊዜ ሃጂራ አሥረኛ ክፍል ነበረች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ትምህርቷን ተወች። ሥራ ቤቱ የዕቃ መሸጫ ሱቅ ሆነ፤ እሷም ሌላ ሰው የሠራውን አልጋና ሳጥን እየሸጠች ሁለት ልጆች አሳደገች። አባቷም አለፉ። ወደ ግድግዳው የዞረው ፊት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኗ አልጠፋም።

በኮሌጁ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ መምህር ሀብተሥላሴ የቡድን ሥራ ሲያድሉ፣ ሌላው ተማሪ ወንበርና ጠረጴዛ ለመሥራት ሲሻማ፣ ማንም ያልፈለገውን እሷ እጇን አውጥታ ወሰደች። ሥራው የባለ ሁለት በር ተገጣጣሚ ቁም ሳጥን መመሪያ መጻፍና በሰው መፈተን ነበር። ከእሷ ጋር ሁለት ልጆች ተመደቡ። ብሩኬ ፈጣን ነው፤ ሌላው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ እሱ መልሱን ይጽፋል። ሉሲ ደግሞ ብዙ አትናገርም፤ እርሳስ ስትይዝ ግን ብሎኑ ከወረቀቱ ላይ የሚነሳ እስኪመስል ትስላለች።

የፈተናው ደንብ አጭር ነበር። ካቻቢቴ ጨብጠው የማያውቁ ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው፣ ወረቀቱን ብቻ እያዩ፣ በአንድ ሰዓት ከሩብ ሳጥኑን ማቆም አለባቸው። ጸሐፊዎቹ ዳር ቆመው ያያሉ፤ ትንፍሽ አይሉም። ቅጹ ላይ ከየሞካሪው ስም ጎን «ያለ እርዳታ» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ሦስቱም የቡድኑ አባላት ከሥር ይፈርማሉ። የወደቀ ቡድን ዓመቱን ይደግማል። ሃጂራ ደግሞ የሚደገም ዓመት አልነበራትም። ኢብራር ሱቁን የሚጠብቅላት እስከ ሰኔ ብቻ መሆኑን ነግሯታል፤ ከዚያ ወዲያ የራሱ ሥራ አለው።

መመሪያውን ሲጽፉ የመጀመሪያው ጠብ ስለ ወለል ነበር። ብሩኬ ሳጥኑ ተኝቶ ተገጥሞ ይነሳ አለ፤ በኢንተርኔት ያያቸው ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ሃጂራ ሃያ ዓመት ሙሉ ዕቃ ከሱቅ ወደ ሰው ቤት አድርሳለች። በኮልፌ ስንት ቤት ነው ሁለት ሜትር ሳጥን የሚያስተኛ ወለል ያለው ብላ ጠየቀችው። አልጋው አለ፣ ቡፌው አለ፣ የቀረው አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍበት ነው። ቆሞ ይገጠም ተባለ።

የመጀመሪያዋ ሞካሪ የሃጂራ ጎረቤት እትዬ ሙሉወርቅ ነበሩ። ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ ከካፋ መጥተው እዚያ ግቢ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍላቸው ውስጥ፣ በአልጋውና በግድግዳው መሃል፣ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን እንደ ጸሎት መጽሐፍ እየተከተሉ ጀመሩ። እስከ መመሪያው ሦስተኛ ተራ ድረስ ምንም አልተሳሳቱም። ሉሲ በደስታ ብሩኬን በክርኗ ነካችው። አራተኛው ተራ ላይ ሁለቱን ጎኖች አቁመው በመሃል መደርደሪያውን ማሰር ነበረባቸው። አንዱን ጎን ሲያቆሙ ሌላው ያዘማል፤ ሌላውን ሲይዙ መደርደሪያው ይወድቃል። ከዚያ የግራው ጎን ሙሉ በሙሉ ወደሳቸው መጣ።

ሃጂራ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ደንብ ነው። የግቢው ተከራይ አማኑ ግን ደንቡን አልሰማም። የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ፊቱን ታጥቦ ሲያልፍ በተከፈተው በር አይቶ ገባና ጎኑን በትከሻው ያዘ።

ብሩኬ «አይንኩ፣ አይንኩ፣ ፈተና ነው» አለ።

አማኑ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። «የምን ፈተና ነው፣ ሴትዮ ላይ ሳጥን ሲወድቅ ቆሞ ማየት? እናንተ ደግሞ ሦስት ሆናችሁ ትጽፋላችሁ። እትዬ ሙሉ፣ እሰሩት እስቲ፣ ይዣለሁ።»

እትዬ ሙሉ አሰሩት። ሳጥኑ በሃምሳ ደቂቃ ቆመ፤ በሩም ዘጋ። በደንቡ መሠረት ግን ሙከራው ወድቋል።

ሁለተኛውን ሙከራ ብሩኬ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ አክስቱ ኮንዶሚኒየም ወስዶ በሩን ቆለፈ። እዚያ ሰው ሰው አይጠጋም ብሎ ነበር። አክስቱ ወይዘሮ ፀጋ አራተኛው ተራ ላይ ሲደርሱ መደርደሪያው ወለሉ ላይ ጓ ብሎ ወደቀ፤ ከሥር ያለችው ጎረቤት ሰው ወድቆ ነው ብላ እየሮጠች ወጥታ በሩን ደበደበች። ሳይከፍቱላት ቢቀሩ ፖሊስ ልትጠራ ነበር። ስትገባም ወቀሳዋን ሳትጨርስ መደርደሪያውን አንስታ ያዘች። ሦስተኛው ሞካሪ የኮሌጁ ጥበቃ ነበሩ። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ተዘግቶባቸው፣ በሁለት እጃቸው ሁለቱን ጎኖች፣ በግንባራቸው መደርደሪያውን ደግፈው ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። በመጨረሻ ሁሉንም ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀምጠው ሳጥን እንደማይፈልጉ፣ ልብሳቸው በሚስማር መሰቀሉ እንደሚበቃቸው ተናግረው ወጡ።

ቅጹ የሚገባው ዓርብ ነው። ረቡዕ ዕለት ሦስቱ የኮሌጁ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ብሩኬ ቅጹን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«እታለም፣ ሦስት ምልክት ነው የቀረን። እናድርግና እንገላገል።»

«ማን ነው ያለ እርዳታ የገጠመው?»

«ማን ይጠይቃል?»

«ወረቀቱን ቤቱ ይዞ የሚገባው ሰው ይጠይቃል። ያኔ እኛ አጠገቡ የለንም።»

ብሩኬ ተቆጣ። እሷ ሱቅ እንዳላት፣ ብትወድቅ የምትመለስበት እንዳላት፣ እሱ ግን ምረቃውን እናቱ ለሰፈሩ ሁሉ እንደነገሩለት ተናገረ። ሥራው ለአንድ ሰው የማይቻል ቢሆን ኖሮ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ያውቁት ነበር አለ። እውነት ያለው ንግግር ነበር። ሃጂራም ሰማችው፤ ዓመቱ ቢደገም እሷ እንደማትደግመው፣ ሱቁ ደጃፍ ተመልሳ እንደምትቀመጥ እያወቀች ሰማችው። እስክሪብቶውን ሲዘረጋላት ግን አልተቀበለችውም።

«አልፈርምም።»

ሉሲ እስከዚያ ድረስ መሬት እያየች ነበር። «እኔም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ደብተሯን ገልጣ የሳለችውን አራተኛውን ተራ አሳየቻቸው። ሥዕሉ ውስጥ ሳጥኑን የሚገጥመው ሰው አራት እጅ ነበረው። ስትስል ሁለት እጅ አልበቃት ብሎ፣ ሳይታወቃት ጨምራለች።

ብሩኬ እጆቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ ሳይወድ ሳቀ።

ሐሙስን ሙሉ ጻፉ። ሃጂራ የመጀመሪያውን ገጽ ራሷ ጻፈች፤ ከሁሉ በላይ፣ ከብሎኖቹ ዝርዝርም በፊት፣ «ይህን ሥራ ለብቻዎ አይጀምሩ። አንድ ሰው ይጥሩ» የሚል ገባ። እያንዳንዱን ተራ ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ የሚያነብና የሚያስር፣ ሌላው የሚይዝ። ግራና ቀኝ የሚለውን አወጡትና ጎኖቹ ላይ «የበሩ ማጠፊያ ወደ እርስዎ ይዙር» ብለው ጻፉ። ያንን መስመር ስትጽፍ እጇ ትንሽ ዘገየች። እትዬ ሙሉና አማኑ እንደገና ሞከሩት፤ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ከዚያም ውስጥ አምስቱን አማኑ ሲያላግጥ ነው ያለፈው። ቅጹ ላይ ሃጂራ በማስመሪያ አንድ አዲስ ዓምድ ጨመረች፤ ከላዩ «የረዳው ሰው ስም» ብላ ጻፈች። «ያለ እርዳታ» የሚለው ባዶ ሆኖ ቀረ።

ዓርብ መምህር ሀብተሥላሴ ቅጹን በክፍሉ ፊት አገላበጡት። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ለተማሪ የሚያደሉም የሚበድሉም ያልሆኑ ሰው ናቸው። ዓምዱን በጣታቸው እየነኩ ይህ በቅጹ ላይ እንደሌለ፣ መመሪያ ማለት አንድ ሰው ብቻውን አንብቦ የሚሠራበት እንደሆነ፣ ሌላ ሰው የረዳበት ሙከራ ሙከራ እንዳልሆነ አስረዱ። ቆሞ የሚገጠምበት ምክንያትም አልታያቸውም።

ሃጂራ ተነሳች። ከኪሷ ጠመኔ አውጥታ ወለሉ ላይ አራት መስመር አሰመረች፤ ብሩኬና ሉሲም ፈታትተው ያመጡትን ሳጥን አጠገቡ አስቀመጡ።

«የእትዬ ሙሉ ክፍል ነው» አለች። «ይሄ አልጋው፣ ይሄ ግድግዳው። የቀረው ይሄ ነው። የፊተኛው መመሪያችን ደግሞ ይኸው፣ እንደ ደንቡ ለአንድ ሰው የተጻፈው። መምህር፣ እርስዎ ከሁላችንም ይበልጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻዎን ይግጠሙልን።»

መምህሩ አይተዋት ጋዋናቸውን አወለቁና ጠመኔው ውስጥ ገቡ። እስከ ሦስተኛው ተራ እጃቸው እንደ ውኃ ፈሰሰ። አራተኛው ላይ አንዱን ጎን በጉልበታቸው፣ ሌላውን በክርናቸው ያዙ፤ መደርደሪያውን በአገጫቸው ደገፉ፤ ብሎኑ በጥርሳቸው መሃል ነበር። የሚያስሩበት እጅ ግን ጠፋ። አንድ ተማሪ ከኋላ ሊነሳ ሲል ሃጂራ በዓይኗ አስቀመጠችው። የብሩኬ እግር ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የመምህሩ ክርን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሃጂራ» አሉ ብሎኑን ከአፋቸው ተፍተው። «ያዢልኝ እስቲ።»

«ወረቀቱ ላይ የለም፣ መምህር።»

አንድ ሰው ሳቁን ዋጠ። መምህር ሀብተሥላሴ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ጎኑ እየከበዳቸው ጥቂት አሰቡ።

«ያለበትን ወረቀት አምጪ።»

አምጥታ ከፊታቸው ይዛ አቆመችላቸው። የመጀመሪያውን መስመር ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ፤ አንድ ሰው ይጥሩ እስከሚለው። ከዚያ ስሟን እንደገና ጠሩ። ያን ጊዜ ጠመኔውን ተሻግራ ገባች፣ የግራውን ጎን በሁለት እጇ ያዘች፣ ማጠፊያው ወደሳቸው መዞሩን አየች። መምህሩ አሰሩ። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ሃጂራ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ይልቅ ቀድማ ሰማችው።

ቡድኑ አለፈ። ቅጹን ያለ ፈቃድ ስለለወጡ ግን አምስት ነጥብ ተቀነሰባቸው። ብሩኬ ማለፋችን ይበቃል፣ ነገር አንፈልግ አለ። ሃጂራ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ሄዳ የቅሬታ ወረቀት ይዛ መጣች። የአመልካች ስም የሚጻፍበት መስመር አንድ ብቻ ነበር። ስሟን በትንንሽ ፊደል፣ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ጠጋ አድርጋ ጻፈችና እስክሪብቶውን ለሉሲ ሰጠቻት። ሉሲም ከጎኗ ጻፈች። ብሩኬ ወረቀቱን አየ፤ ለሱ የቀረው ቦታ ሁለት ጣት አይሞላም።

«እዚህ ውስጥ ልግባ?» አለ።

«ተጠጋና ግባ» አለችው።